የአባቴ ጊታር ሙሉ የሆነ ቀን

ስሜ ዘሀራ ነው። ከሚሴ ተወልጄ ከሚሴ የምኖር መምህርት ነኝ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሙዚቃ አውቃለሁ አልልም። ቤታችን ውስጥ ግን ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። ቀይ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፤ ከጀርባው ደግሞ የአባቴ የቀበቶ ዘለበት ለዓመታት የፈገፈገው ሰፊ ጭረት አለበት።

አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀን ስፌት መኪናው ላይ ይውላል፤ ሰርግ ሲኖር ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ይወጣል። በወጣትነቱ የከተማው የኪነት ቡድን አባል ነበር። ጊታሩን የገዛው ከአሥመራ በእኛ በኩል ወደ አዲስ አበባ ጭነት ያመላልስ ከነበረ ሹፌር ነው። ሹፌሩ አሥመራ ከነበሩ አሜሪካኖች እጅ እንዳገኘው ነግሮታል። አባዬ ለዚያ ጊታር ሲል አንዲት ላም እንደሸጠ በቤታችን ይወራል፤ ይህ በተነሳ ቁጥር እማዬ ላሟ የእሷ እንደነበረች ሳትናገር አታልፍም።

አባዬ ወደ አኼራ ከሄደ ወዲህ ጊታሩ በአንሶላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አይነካውም። እኔም ዒድ ሲደርስ ቤት ሳጸዳ አውርጄ አቧራውን አራግፌ እመልሰዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላስበውም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አንዋር አዲስ አበባ ስልክ ይጠግናል። አምና፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ቀልቶ ራሱን በደፋበት ሰሞን፣ ደውሎ ጊታሩ አለ ወይ አለኝ። አለ ስለው እንዳልወለውለው፣ ብሎኑን እንዳልነካካ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ጊታሮች ዋጋቸው በየዓመቱ እየወጣ እንደሆነ፣ ውጭ አገር ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም የሚሰበስቧቸው ሰዎች እንዳሉ፣ ለአንድ ሰው ፎቶውን አሳይቶት ሰውየው ከወንበሩ እንደተነሳ አወራኝ። ከዚያ "ፒካፑ የራሱ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። እኔ መኪና መስሎኝ የማን ፒካፕ አልኩት። ሳቀብኝ። ከክሮቹ ሥር የተቀመጠችው፣ የክሩን ንዝረት ይዛ ወደ ድምፅ ማጉያው የምትልከው ማግኔት ናት ፒካፕ የምትባለው። የእኛ ጊታር ሁለት አሉት፤ አንዷ በአንገቱ በኩል፣ አንዷ ወደ ታች።

አባዬ ጀምሮት የሄደ ቤት አለን፤ አስፋልቱ ዳር ነው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ፌሮው ወደ ላይ እንደተቀሰረ ዝጓል። እማዬ የምትኖረው ከጀርባው ባለችው አሮጌ ጭቃ ቤት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያዋ ያፈሳል። ያን ቤት ጨርሰን እማዬን ማስገባት የሁላችንም ምኞት ነበር፤ በእኔ ደመወዝና በአንዋር ጥገና ግን የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ አንዋር ሰውየው ከሚሴ ድረስ ሊመጣ ነው ሲለኝ አላቅማማሁም። እማዬም አልተከራከረችም። ሰይድ ራሱ ከሌለ ዕቃው ምን ያደርግልኛል አለች።

ሰውየው ብሩክ ይባላል። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እሱም በጊዜው ሆቴል ቤት ጊታር ይመታ ነበር፤ አሁን ለሰብሳቢዎች እየፈለገ ይገዛል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አነጠፈና ጊታሩን እንደ አራስ ልጅ አስተኛው። በትንሽ ባትሪ እያበራ ብሎኑን ሁሉ አየ፤ ከጀርባ ያለውን ቁጥር አነበበ፤ ደጋግሞ አሸተተውም። እኔም እንዲህ ዓይነት ዋጋ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁት። በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩ ሰዎች አሁን ሽማግሌ ሆነዋል፣ ገንዘብ አላቸው፣ ያኔ ሊገዙት ያልቻሉትን ዛሬ ይገዛሉ አለኝ። የነሱን አይተው ደግሞ ሙዚቃ የማያውቁ ነጋዴዎች ገቡበት፤ እንደ መሬት ገዝተው ያስቀምጡታል፣ ሲጨምር ይሸጡታል። የአገራችንን የድሮ ሙዚቃ የሚወዱ ፈረንጆች ስለበዙም ከዚህ የሚወጣ ጊታር ይበልጥ ይፈለጋል። የአባዬን የቀበቶ ጭረት በጣቱ እየዳሰሰ ይህን እንዳታስነኩት አለኝ፤ ሰው እንደተጫወተበት የሚናገረው እሱ ነው፣ ገዢዎቹ ይወዱታል።

ከዚያ ከቦርሳው ካቻቢቴ አወጣ። አስፈቅዶኝ ፊቱ ላይ ያለውን ሽፋን ፈታ። ውስጡን በባትሪው ደጋግሞ አየ።

"ይቺኛዋ የራሱ ናት" አለ ወደ ታች ያለችውን እያሳየኝ። "የአንገቱ ግን የሌላ ናት። ርካሽ ናት፤ በኋላ የገባች።"

ልዩነቱን ነገረኝ። ጊታሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ሊከፍለን ያሰበው ገንዘብ ቤታችንን ጨርሶ በርና መስኮት ያስገጥም ነበር። አንዲት የጣት ስፋት ያላት ዕቃ ስለጎደለች ግን ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ሰብሳቢ የጎደለው አይወድም አለ። ቅር ብሎት እንደነበር ያስታውቃል፤ ለገንዘቡ ብቻም አይመስለኝም። እሱ ሌላ ጊታር ለማየት ወደ ደሴ እየሄደ ነበር። እሁድ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እስከዚያ የድሮዋ ፒካፕ ከተገኘች በመጀመሪያው ዋጋ ይገዛዋል። በዚህ ተስማምተን ሄደ።

እማዬን ጠየቅኋት። እሷ ስለ ዕቃው ምንም አታውቅም። ሆኖም አባዬ ጊታሩን ሲፈታና ሲገጥም ሁልጊዜ ከጎኑ የነበሩት ኡመር ናቸው አለች።

አባ ኡመር የአባዬ የልብ ጓደኛ ናቸው። ክራር ይመታሉ። ሁለቱ ከጨፋ ሮቢት እስከ ሰንበቴ ያልረገጡት የሰርግ ድንኳን አልነበረም። ልጆች ሳለን ቤታችን ሲመጡ ከኪሳቸው ተምር ያወጡልን ነበር። አሁን አርጅተዋል፤ ሰንበቴ ብቻቸውን ይኖራሉ። አባዬ ከሞተ ወዲህ በለቅሶ ካልሆነ በቀር አልጠየቅኋቸውም ነበር። ደወልኩላቸው። ለምን እንደምመጣ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ኮቱ፣ ነይ ብቻ አሉኝ። ሰንበቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች ብሩክም እዚያው እንዲያገኘኝ ነገርኩት።

እሁድ ጠዋት ጊታሩን በአንሶላው እንደተጠቀለለ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እጉልበቴ መሐል አቁሜ አቅፌዋለሁ። ፍተሻ ላይ መሣሪያ መስሏቸው አስፈቱኝ። ፈታሹ ወጣት ጊታሩን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ይሠራል ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። በእውነትም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ጨፋ ሮቢትን አልፈን ማሽላው ግራና ቀኝ ሲነጉድ የማስበው ስለ ቤቱ ብቻ ነበር፤ የእማዬ ክፍል መስኮት ወደየት ይዙር፣ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ወይስ ሴራሚክ።

የሰንበቴ ገበያ ቆሟል። ከአፋር የመጡ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሚኒባሱ ለረጅም ጊዜ ቆመ። የአባ ኡመር ቤት ከከብት ገበያው ጀርባ ነው። በር ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው።

"ናጋ ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?" አሉኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ስሜ ገባሁ።

ስለ እማዬ ጠየቁኝ፣ ስለ አንዋር ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው። በሳምንቱ ጨፋ ሮቢት ሰርግ ተጠርተው ጣታቸውን እያፍታቱ እንደሆነ ነገሩኝ። ወጣቶቹ ኪቦርድ ቢያመጡም ሽማግሌዎቹ የኡመር ክራር ካልመጣ አንቀመጥም ይላሉ ብለው ሳቁ። ክራሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንደ ሌላ ክራር አይደለም፤ ሆዱ ድፍን እንጨት ነው፣ ክሩ ብረት ነው፣ ከሥሩ ገመድ ወጥቶ ጥግ ላይ ካለች አሮጌ ድምፅ ማጉያ ጋር ይያያዛል። አጠገቧ አንዲት ትንሽ የመሣሪያ ሳጥን ነበረች። ዓይኔ ሳጥኗ ላይ ሄደ። እዚያ ውስጥ ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አንሶላውን ስፈታ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጊታሩን ተቀብለው አንገቱን በመዳፋቸው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አሻሹት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"አባ ኡመር" አልኳቸው፣ "ይቺን ቦታ ያውቋታል? የድሮዋ ወጥታ ሌላ ገብታባታለች። የድሮዋ የት እንደሄደች ያውቁ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።"

ጎንበስ ብለው አዩዋት። "አውቃታለሁ" አሉ። ተነሡና ሳጥኗን አልፈው ክራሩን ከግድግዳው አወረዱ፤ እጭኔ ላይ አስቀመጡት። በክሮቹ ሥር፣ እንጨቱ ውስጥ ተቦርቡሮ በተሠራ ቤት፣ የጠቆረች ብረት ተቀምጣለች።

"ይቻት።"

እሳቸው ቁጭ ብለው ያወሩልኝ ጀመር። አባዬ ጊታሩን በገዛ ሰሞን ጨፋ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰርግ ተጠርተው ሄዱ። ጊታሩ በኤሌክትሪክ ነው፣ ክራሩ በባዶ እጅ ነው። ጊታሩ ሲጮህ ክራሩ ጠፋ። የአባ ኡመር እጅ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ወጣቶቹ እያዩ ሳቁባቸው፤ አንዱ እንዲያውም ሽማግሌው ትንኝ እያባረሩ ነው አለ፤ ያኔ ግን ሽማግሌ አልነበሩም። አባዬ ይህን ሁሉ አይቷል። ከቀናት በኋላ ካቻቢቴና የሽቦ መበየጃ ካውያ ይዞ መጣ። ከጊታሩ ሁለት ፒካፖች አንዷን ነቅሎ ድፍን እንጨት ቀርጾ ክራር ሠራላቸው፤ እሷን ገጠመበት።

"ያውም የአንገቷን ነው የሰጠኝ" አሉ አባ ኡመር። "ወፍራሙ፣ ለስላሳው ድምፅ ከሷ ነው የሚወጣው። ቀጭኗን ለራሱ አስቀረ። ለዓመታት በአንድ ነው የተጫወተው፤ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ሸፍኖ። ያቺን ርካሿን ያስገባት በስተርጅና ነው፣ ያውም ሰው ቀዳዳውን እያየ ስለሚጠይቀው።"

ድምፅ ማጉያውን ከፈቱና በባቲ ቅኝት ጥቂት መቱልኝ። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ደረቴ ውስጥ ገባ። ልጅ ሆኜ በሩቅ ስሰማው የአባዬ ጊታር ብቻ መስሎኝ ከኖረው ድምፅ እኩሌታው ይሄ ኖሯል። ሁለቱ አብረው ሲመቱ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም ነበር።

"እንግዲያማ ይቅር" አልኳቸው።

ብያለሁ። ግን ስናገር ቁጭ ብዬ ነበር። አልተነሣሁም። አንሶላውን አልጠቀለልኩም። እጄ የጊታሩን አንገት እንደያዘ ነው።

እሳቸው ለምን እንደፈለግሁት ጠየቁኝ። ስለ ቤቱ ነገርኳቸው፤ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ እማዬ ጉልበት ሕመም። ሰውየው ያለውን ዋጋ ስነግራቸው እንደገና እንድናገር አስደገሙኝ። ከዚያ ጊታሩን የሚገዛው ሰው ጥሩ ይመታ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"አይመታበትም መሰለኝ" አልኳቸው። "ሰብስቦ ያስቀምጠዋል። እየቆየ ዋጋው ይጨምራል።"

"ዝም ብሎ ተቀምጦ?"

"አዎ።"

"አጃኢብ" አሉ። ቆይተው ክራሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "የሰይድ ናት። የሰይድ የነበረ ያንቺ ነው። ሰውየው ይምጣ።"

አይሆንም አልኳቸው። በሳምንቱ ሰርግ አለብዎት አልኳቸው። ያቺን ርካሿን እገጥማታለሁ፣ ለእኔ ምን አነሰኝ አሉ። እንደገና አይሆንም አልኩ፤ ግን የሁለተኛው ከመጀመሪያው የላላ ነበር፤ ራሴም ሰምቼዋለሁ።

ብሩክ ከቀትር በኋላ ደረሰ። ክራሩን ሲያይ፣ ከዚያም ነገሩን ሲረዳ፣ ቦርሳውን ሳይከፍት ቆመ። ለአባ ኡመር ገንዘብ ልስጥዎት አላቸው፤ የወዳጄን ስጦታ አልሸጥም አሉት። ከአዲስ አበባ አዲስ ፒካፕ፣ ጥሩውን፣ ልላክልዎት አላቸው፤ ይሁን፣ አላህ ይስጥህ አሉት። ከዚያ ብሩክ ለአፍታ ወደ ውጭ ጠራኝ። በበሩ ፊት ነጋዴዎች በሬ እየነዱ ያልፋሉ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ።

"እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል።"

"እሳቸውን አልጠየቅሁም" አለኝ።

ልመልስለት ስል ስልኬ ጮኸ። አንዋር ነበር። ተገኘች ወይ አለኝ። ይህን ሲጠብቅ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ አልሠራም። አጠገቡ ሚስቱ ምን አለች፣ ምን አለች ትላለች። ብሩክ ያየኛል።

"ተገኘች" አልኩት።

አንዋር አላህ የተመሰገነ ይሁን ብሎ ጮኸ። ብሩክ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ገብቶ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰካ።

ሥራው ብዙ አልፈጀም። የክራሩን ክሮች አባ ኡመር ራሳቸው ፈቱ፤ ሰው እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ብሩክ በካውያው ጫፍ ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች አላቀቃቸው፤ ትንሽ ጭስ ወጣ። ያቺን ብረት በጨርቅ ይዞ ወደ ብርሃን አወጣት። ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። የራሱ ናት። ጊታሩ ውስጥ ሲያስገባት ብሎኖቹ ቦታቸውን እንደሚያውቁ ሁሉ ገጠሙ። ርካሿን ደግሞ ክራሩ ላይ ገጠመላቸው፤ ቤቷ ስለሰፋባት ዙሪያዋን በጨርቅ ቁራጭ አጣበቀው።

መጀመሪያ የተሞከረው ጊታሩ ነው። ብሩክ ከአባ ኡመር ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ መታ። ጥሩ እጅ አለው። ቤቱ ሞላ። ሁለቱ ድምፆች፣ ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ከአንድ እንጨት ወጡ። በር ላይ ሰው ቆመ፤ ፍየል የሚጎትት አንድ ሰው ገመዱን ለቆ ያዳምጥ ጀመር። እኔ አለቀስኩ። አባዬን ያገኘሁት መሰለኝ። ያን ጊዜ ዞር ብዬ አባ ኡመርን ባያቸው እሳቸው ጊታሩን አይደለም የሚያዩት። ክራራቸውን አቅፈው ክሩን እየወጠሩ ነበር።

ከዚያ የእሳቸው ተሞከረ። ድምፁ ወጣ፤ ግን ቀጭን ነው፤ ከሥሩ እንደ ዝንብ የሚነዝር ነገር አለበት። አንድ ሁለቴ መቱና በመዳፋቸው ክሩን ዝም አሰኙት።

"ደህና ነው" አሉ።

ገንዘቡ እዚያው በስልክ ገባልኝ። ብሩክ ጊታሩን ጠንካራ ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ ቆለፈበትና ሄደ። አባ ኡመር ለእማዬ ብለው ሎሚ በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ፤ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። አንሶላውን አጣጥፌ ይዤ ተመለስኩ።

ቤቱ አልቋል። እማዬ ገብታለች፤ አይፈስባትም። ለእናቴ ባደረግሁት አልጸጸትም። ግን የሆነውን ሁሉ ስነግራት እማዬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ "ሰይድ የሰጠውን ነው መልሰሽ የተቀበልሽው?" ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስታው አታውቅም። እኔም ብዙ ጊዜ ለራሴ ስደግመው እገኛለሁ።

ብሩክ ቃሉን ጠብቆ አዲስ ፒካፕ ላከ። አንዋር ራሱ ሰንበቴ ሄዶ ገጠመላቸው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሚነዝር ነገር የለውም አለኝ። እኔም ዕዳዬን የከፈልኩ ያህል ቀለል አለኝ። አባ ኡመር ግን ጨፋ ሮቢት ካለው ሰርግ ቀርተው ነበር። ከዚያ ወዲህም የትም እንዳልሄዱ ከሰው ሰማሁ። የጠራቸውን ሰው ሁሉ ጣቴን ያመኛል እያሉ ይመልሱታል አሉኝ።

ከወራት በኋላ አንዋር አንድ ፎቶ ላከልኝ። የአባዬ ጊታር ነው፤ ጭረቱን አይቼ አወቅሁት። የሆነ አገር፣ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሥሩ ብርሃን በርቶበት ቆሟል። እኛ ከሸጥነው በብዙ እጥፍ ተሽጦ ነበር። አንዋር ተቆጭቶ አደረ፤ ተበላን አለ። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አስተርጉሜ አነበብኩት፤ ሁሉም ነገሩ የራሱ፣ አንድም ያልተጓደለ ይላል። ፎቶውን ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር ያ ጊታር የአባቴ በነበረበት ዘመን አንድም ቀን ሙሉ እንዳልነበረ አስባለሁ። አጉድሎት የኖረው ፈልጎ ነው።

በዒድ ማግስት ሰንበቴ ሄድኩ። አባ ኡመር ከስተው አገኘኋቸው። ክራሩ ግድግዳው ላይ ነው፤ ገመዱ ግን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አዲሱ አልተመቸዎትም ወይ አልኳቸው። በጣም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይበልጣል አሉኝ። ታዲያ ለምን አይመቱም አልኳቸው።

"ሰይድ ከሞተ በኋላም ብቻዬን መትቼ አላውቅም ነበር" አሉኝ። "አሁን ግን ብቻዬን ነኝ።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው። አነሡኝ። ምን አጠፋሽ፣ እኔ በእጄ ሰጠሁሽ እንጂ አንቺ መቼ ወሰድሽ አሉኝ። ቂም የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ብዙዎቻችሁ ቤት የድሮ ዕቃ ይኖራል። ዘመኑ የድሮ ዕቃ ዘመን ነው፤ ትናንት ጓዳ ተጥሎ የነበረ ሁሉ ዛሬ ፈላጊ አለው። አትሽጡ አልላችሁም፤ ችግርን አውቀዋለሁ፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያለች እናትም ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ዕቃው ከማን ጋር ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠይቁ። እኔ የጠየቅሁት ዋጋውን ከሰማሁ በኋላ ነው። ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማ አለኝ።

በዒድ ማግስት በሄድኩበት ቀን ልሰናበታቸው ስነሣ አንድ የከነከነኝን ጠየቅኋቸው። ለምን እምቢ አላሉኝም አልኳቸው። አንድ ቃል ቢሉኝ እኮ ተነሥቼ እሄድ ነበር።

"አባትሽ ያኔ ምን ልስጥህ ብሎ አልጠየቀኝም" አሉኝ። "ሲሳቅብኝ አየኝ፤ ነቅሎ አመጣልኝ። አንቺም ይቅር ስትይኝ እጅሽን አየሁት። ጊታሩን አልለቀቀም።"

በሚኒባሱ መስኮት በኩል ማሽላው የታጨደበትን ባዶ ማሳ እያየሁ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ። አባቴ የጓደኛውን ፍላጎት አይቷል። አባ ኡመር የእኔን አይተዋል። እኔ ጊታሩን ይዤ በሄድኩበት ቀን ከእሳቸው ፊት ለፊት፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጬ ነበር፤ ያየሁት ግን ክራሩን ነው።